ጨው የነካው ኮፈን

አባቴ መኪና ከማጠቡ በፊት መጀመሪያ ሰዓቱን ያወልቃል፤ ቀጥሎ ቀበቶውን፤ በመጨረሻ የጋብቻ ቀለበቱን። ሰዓቱና ቀበቶው መስኮት ላይ ይቀመጣሉ። ቀለበቱን ግን ለእኔ ይሰጠኛል። «ያዢልኝ ሱንዶክ» ይለኛል፤ እኔም አውራ ጣቴ ላይ አጠልቀውና እንዳይወድቅ ጣቴን አጥፌ፣ እጥበቱ እስኪያልቅ እንደዚያው እቆማለሁ። ብረት ያደረገ ሰው ቀለም አጠገብ አይደርስም፤ የመጀመሪያው ሕጉ ይህ ነበር።

ሌሎችም ሕጎች ነበሩት። ፀሐይ ያጋለው መኪና አይታጠብም። ጨርቅ ከመንካቱ በፊት ከጣሪያው ጀምሮ ውሃ እንደ ልብ ይፈስበታል። «አቧራውን ውሃው ይዞት ይሂድ፤ አንቺ አትጎትቺው» ይላል። ባልዲው ሁለት ነው፣ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ለጨርቁ ማለቅለቂያ። መሬት የወደቀ ጨርቅ የዚያን ቀን ሥራው አብቅቷል፤ ቢያማልዱትም አይመለስም። ጨርቆቹ የእኔው የሕፃንነት የሽንት ጨርቆች ነበሩ፤ ስንት ጊዜ ታጥበው ለስልሰዋል። ይህን ለማንም እንዳይናገር አስምዬው ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን አባቴ በክብ አይጠርግም። ከፊት ወደ ኋላ፣ ቀጥ አድርጎ፣ እጁን ሳይጫን ይሄዳል። «ቀጥ ያለ ጭረት ብርሃኑ ሲዞር ይጠፋል» ይለኛል፤ «ክብ ጭረት ግን ፀሐይ ከየትም ብትመጣ ያሳብቃል።» በቡሳን ወደብ ያሉ ሾፌሮች ሁሉ ይህን ያውቁለት ነበር። አባቴ ቦንግ ነው ስሙ፤ የቦንግ እጅ ቀጥ ያለ ነው ይሉ ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ሴት ቂመኛ ናት፤ ከወዲሁ እወቁት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል። እኔ ጸሎቱን ተውኩና ቂሙን ያዝኩ። ፒዮ የሚባለውንም ሰው በዕድሜ አባቴን ቢበልጥም «እሳቸው» ልለው አፌ እምቢ ይለኛል።

ፒዮ ከወደቡ ጀርባ የጎማ ጫማ ፋብሪካ ነበረው። አባቴ ሾፌሩ ነበር። እኔ፣ እናቴና አባቴ ከፋብሪካው አጥር ጋር በተጣበቀች አንዲት ክፍል ውስጥ እንኖር ነበር፤ ሩዛችን ሳይቀር የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ጸደይ ፒዮ ጥቁር፣ ረጅም፣ አዲስ መኪና ገዛ።

መኪናው የተመረቀው በፋብሪካው ግቢ ነው። ከፊቱ ምንጣፍ ተነጠፈ። የተቀቀለ የአሳማ ራስ ፈገግ እንዳለ ተቀመጠ፤ አጠገቡ ቀይ ባቄላ የተነሰነሰበት የሩዝ ዳቦ ይተናል። ፒዮ ሰገደና አሳማው አፍ ውስጥ የብር ኖት ሸጎጠ። ሠራተኞቹ ተራ በተራ ሰገዱ። በነጭ ክር የታሰረ የደረቀ ዓሣ ከኋላ ተንጠለጠለ። ከዚያ የሩዝ ጠላው መጣና አራቱም ጎማዎች እንደ ደንቡ ደረሳቸው። ፒዮን ግን የጠጣው ጠላ ጨዋታ አምጥቶበታል።

«ጎማው ብቻ ለምን ይጠጣል?» አለና ጣሳውን ኮፈኑ ላይ ገለበጠው።

ሰው ሳቀ። የፒዮ እናት፣ ትልቋ እመቤት የምንላቸው፣ ክፉ ነገር እንዳይቀርበው ብለው የባሕር ጨው በእፍኛቸው እየዘገኑ በተኑበት። ጨዉ የስንዴ ፍሬ የሚያክል ነው። ኮፈኑ ላይ ሲወርድ ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ ዝናብ ይመስል ነበር። የአባቴን ፊት ቀና ብዬ አየሁት፤ ጥርሱን ያመመው ሰው ሆኗል።

«ጌታዬ፣ ውሃ ላምጣ» አለ።

«ውሃ ለምኑ?»

«ጨው አለበት ጌታዬ። በውሃ ሳይወርድ ከተጠረገ...»

«ሾፌር ቦንግ ሊያስተምረኝ ነው እኮ» አለ ፒዮ ወደ ሰዉ ዞሮ። «መኪናውን የገዛው እሱ መሰለው። ና፣ መጥረግ እንዴት እንደሆነ እይና ተማር።»

ካንዱ ሠራተኛ ትከሻ ላይ ደረቅ ፎጣ መንትፎ፣ አረንጓዴ ድንጋይ ያለበት ቀለበቱ እጁ ላይ እንዳለ፣ ኮፈኑን ጠረገው። በግራ በኩል ቆሞ ሦስት ትልልቅ ክብ ሠራ። ጨውና ጠላው አንድ ላይ ሲፈጩ ከቆምኩበት ይሰማኛል። እኔ አውራ ጣቴን አጥፌ ቆሜአለሁ፤ ቀለበት አልነበረበትም፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ወጣች፤ ክቦቹም ወጡ። ጥቁሩ ኮፈን ላይ ሦስት የሸረሪት ድር የተዘረጋ ይመስል ነበር። ትልቋ እመቤት አይተው ደረታቸውን ያዙ። «በምርቃቱ ቀን የተጫረ መኪና ሬሳ ይጭናል» አሉ። ፒዮ እናቱን አየ፤ ኮፈኑን አየ፤ ቀለበቱን ኪሱ ከተተ።

«ትናንት ይህን የጠረገው ማነው?» ሲል ጠየቀ።

አርባ ሰው ቆሟል። አርባው ሰው ማን እንደጠረገው አይቷል። ሁሉም ጫማውን ይመለከታል። እኔ አፌን ስከፍት የእናቴ እጅ መጥቶ ገጠመው፤ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።

«ቦንግ፣ አንተ ነህ አይደል?»

አባቴ ኮፈኑን አየ፤ እናቴን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ» አለ።

ያን ጊዜ ናቅሁት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አባቴን ናቅሁት። የምንተኛባት ክፍል የፒዮ መሆኗን አላሰብኩም። እናቴ ወንድሜን አርግዛ የአራት ወር ነፍሰ ጡር እንደነበረችም ያወቅሁት በኋላ ወራቱን ወደ ኋላ ስቆጥር ነው።

መሪውን የፒዮ የእህት ልጅ ቻንጉ ያዘው፤ ከንፈሩ ላይ ጺም ለማብቀል ሲታገል የሚውል ጎረምሳ። አባቴ ከሾፌርነት ወርዶ መኪናውን እንዲያጥብና ጭረቱን እንዲያጠፋ ታዘዘ። ቻንጉ ስም አወጣለት። ዶሮ ስለምትጭር «ዶሮው ቦንግ» አለው። በሳምንቱ ፋብሪካው በሙሉ ይህንኑ ይል ጀመር። ወደቡም ደረሰ። ሾፌርን የሚያበላው ስሙ ነው፤ በምርቃት ቀን መኪና ጫረ የተባለን ሰው ማንም ባለመኪና ደጁ አያቆመውም። ስወጣ ስገባ ልጆቹ «ኩክ ኩክ ኩክ» ይሉኛል። አንዱን ጆሮውን ነከስኩት፤ ለዚያም ገረፉኝ።

አባቴ ግን በየቅዳሜው ሰዓቱን፣ ቀበቶውን፣ ቀለበቱን ያወልቃል። መኪናውን በደንቡ ያጥብና ያደርቀዋል፤ ከዚያ ከትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ነጭ የማሻ ቅባት በጣቱ አውጥቶ ክቦቹ ላይ ብቻ ያሻል፣ ያሻል፣ ያሻል። ጭረቱ በሁለተኛው ወር ጠፋ። እሱ ግን አላቆመም። ኮፈኑ በየሳምንቱ እየጠራ ሄዶ ደመናውን ያሳይ ጀመር። ፒዮ እየመጣ ጥርሱን ያይበታል።

«ዶሮው ቦንግ፣ እጅህ እኮ ወርቅ ነው» ይለዋል። «ምነው ከመጀመሪያው እንዲህ ብትሠራ?»

«ገና ነው ጌታዬ» ይላል አባቴ። «ገና ይጠራል።»

እኔ ጥግ ቆሜ ቀለበቱን በጣቴ እያዞርኩ ልቤ ይቃጠላል። ሐሞት የሌለው አባት ሰጠኸኝ እያልኩ ሰማዩን አማርር ነበር።

ያሻባቸው ጨርቆች ወደ ቤት የሚመጡት ጥቁር ሆነው ነው። እናቴ በሳፋ ታጥባቸዋለች፤ ውሃው ከሰል የታጠበበት ይመስላል። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ወንድሜን ታቅፋ እያጠባች፣ ሳፋውን በእግሯ ወደ አባቴ ገፋ አደረገችው።

«የሱንዶክ አባት፣ ስንት ይቀረዋል?»

አባቴ ውሃውን ጎንበስ ብሎ አየ። «ቀስ ካልኩ እስከ መኸር ያደርሰኛል።»

«እስከ ፋብሪካው በዓል?»

«እስከዚያ።»

«እጅህን ጠብቅ እንግዲህ» አለች እናቴ። ሳቀችም። እናቴ በዚያ ዓመት ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ፒዮ ምሕረት አድርጎ መሪውን የሚመልስለት ቀን ተቆርጦለት መሰለኝ፤ ለዚህ ነው ለካ የሚለማመጠው አልኩ። ይባስ ናቅሁት።

«አባዬ፣ ለምን ታስውብለታለህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ኮፈኑ ላይ ጭረት ታያለሽ?»

«አላይም።»

«እንግዲያው ሥራዬን እየሠራሁ ነው» አለና ቀለበቱን ተቀብሎኝ ሄደ።

በሁለተኛው መኸር የፋብሪካው አሥረኛ ዓመት ደረሰ። እንግዶች ይመጣሉ ተባለ፤ ጫማ የሚገዙ የውጭ ሰዎች፣ የከተማው ሹማምንት፣ ባለፋብሪካዎች ሁሉ። ፒዮ መኪናውን ግቢው መሐል ሊያቆመው ነው። በዋዜማው አባቴ አጥቦ፣ አሽቶ፣ ነጭ የጥጥ ልብስ አለበሰውና ጋራዡን ዘጋ። ልብሱን ጠዋት የሚገፍፈው ቻንጉ ነው።

አንድ ነገር መጣልኝ። ልብሱ ሥር አሸዋ ቢኖር፣ ቻንጉም ስቦ ቢገፈው፣ ኮፈኑ ይጫራል፤ የሚጭረውም ቻንጉ ይሆናል። ሰው ሁሉ እያየ። ከዚያ ዶሮው ማን እንደሆነ እናያለን። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ባሕሩ ዳር ወርጄ ሁለት ኪሴን በአሸዋ ሞላሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በጋራዡ የኋላ መስኮት ገባሁ፤ የልብሱን ጫፍ ከፍ አድርጌ አሸዋውን ኮፈኑ ላይ በተንኩት። ውስጡ ጨለምለም ስላለ ከእጄ በቀር ያየሁት የለም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ እኔ ግን ያን ማታ የሰባ ሥጋ የነከስኩ መስሎኝ እራቴን በደስታ በላሁ።

ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ሠራተኛው በሰልፍ ቆመ። እንግዶቹ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፒዮ ንግግር አደረገ፤ ይህ መኪና እንደ ድርጅታችን እንከን የለሽ ነው የሚል ነገር ተናገረ። ከዚያ ቻንጉ በነጭ ጓንት መጥቶ ልብሱን ገፈፈው።

ኮፈኑ ላይ ሦስት ቀይ ክብ ነበር።

ጥቁሩ መሐል፣ በግራ በኩል፣ የደረቀ ደም የመሰለ ሦስት ትልልቅ ክብ። አሸዋው በላዩ ላይ ያብለጨልጫል። ከእንግዶቹ አንዱ ጎረቤቱን በክርኑ ነካ አደረገ። ትልቋ እመቤት ጨው ፍለጋ ይመስል በእጃቸው መቀነታቸውን ዳበሱ።

«ቦንግ» አለ ፒዮ። ድምፁ ቀጥኗል። «ና ወደዚህ። ይህ ምንድን ነው?»

አባቴ ከሰልፉ ወጣ። ኮፍያውን አወለቀ። አልጎነበሰም። እስከዚያ ቀን አባቴ ይህን ያህል ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰዉን ሁሉ አየ፣ ኮፈኑን በእጁ አሳየ፣ አፉን ከፈተ።

እኔ የታየኝ ሌላ ነው። አሸዋዬ መኪናውን ያደማው፣ አባቴም ስለ እኔ ሊቀጣ የቆመ መሰለኝ። የናቅሁት አባቴ አሳዘነኝ። እግሬ ከራሴ ቀድሞ ሮጠ።

«እኔ ነኝ» ብዬ ጮህኩ። «አሸዋውን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አባዬ ምንም አላደረገም።» ኪሴንም ገልብጬ የቀረውን አሸዋ መሬት ላይ አራገፍኩ።

ከዚያ የፒዮ ፊት ቀስ እያለ ፈታ ሲል አየሁት። የጠፋበትን ነገር እንዳገኘ ሰው ሆነ።

«ሰማችሁ አይደል» አለ ወደ እንግዶቹ ዞሮ። «ዶሮው ጫጩት ፈልፍሏል። በዘራቸው ነው።»

እንግዶቹ ሳቁ። ሠራተኛውም ሳቀ፤ ሳቅ ሲታዘዝ ይሳቃል። አባቴ አፉን ዘጋ። አየኝ። እስከ ዛሬ ያ አስተያየት ከዓይኔ አይጠፋም፤ ያን ጊዜ ምስጋና መስሎኝ ነበር። ከዚያ እጁን ጭንቅላቴ ላይ አደረገና ጎንበስ አደረገኝ፤ እሱም አብሮኝ ጎነበሰ።

በሦስተኛው ቀን ከክፍሏ ወጣን። አባቴ እስኪያረጅ ወደቡ ላይ አውቶቡስ አጠበ፤ እዚያም ዶሮው ነበር ስሙ። አንድ ቀን አልተቆጣኝም። እኔም አባቴ ያላደረገውን እኔ አደረግሁለት፣ ተበቀልኩለት እያልኩ አደግሁ። ጎበዝ ነሽ የሚለኝ ሰው ባይኖርም እኔው ለራሴ እለው ነበር።

ሥራው በእጄ ስለነበር ሳድግ መኪና በእጅ የሚታጠብበት ቤት ከፈትኩ። አባቴ ጡረታ ሲወጣ በራፉ ላይ በርጩማ ተሰጠው፤ እኔ ዘንድ ለሚያጥቡት ልጆች ሕጉን ይነግራል። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ላይ አንድ የድሮ ጥቁር መኪና መጣልኝ፤ ከድሮዎቹ፣ ቀለሙ አንድ ድርብ ብቻ የሆነ። ጭረቱን ላጠፋ በቅባት አሸው ጀመር። ጨርቁን ሳነሳው ጥቁር ሆኗል። አጥቤዋለሁ እኮ፣ እድፍ ከየት መጣ አልኩና እንደገና አሸሁ። እንደገና ጥቁር። ጥቂት ቆይቶ ከጥቁሩ ሥር፣ ሳንቲም የምታክል፣ ቀይ ነገር ብቅ አለች። ከቀለም በፊት ለዝገት መከላከያ የሚቀባው ቀይ ነው።

ባልዲው ላይ ተቀመጥኩ። አሸዋ ይጭራል፤ ጭረቱም ቀጭን ነጭ መስመር ነው። አሸዋ በአንድ ሌሊት ቀለም በልቶ አይጨርስም። ቀለም የሚያልቀው በጨርቅ ነው፣ በቅባት ነው፣ በየቅዳሜው ነው። የእናቴ ሳፋ ታየኝ። ጥቁሩ ውሃ ታየኝ። ስንት ይቀረዋል ስትል ሰማኋት።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። አባቴ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ፒዮን እያሳሳቀ ወስዶት ነበር። አንዲት ጭረት ሳያሳርፍ፣ እየተመሰገነ፣ ቀለሙን በእኔ የሽንት ጨርቅ ልቅም አድርጎ ወደ ቤት አመጣው። ያሸው ደግሞ የፒዮን ጭረት ተከትሎ ብቻ ስለነበር የወጣው ቀይ የፒዮን እጅ ይመስል ነበር። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ፤ ዶሮዋ ግን ፒዮ ነበር።

ወጥቼ በርጩማው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ።

«አባዬ፣ ያን ቀን ኮፍያህን አውልቀህ ምን ልትል ነበር?»

የትኛውን ቀን አላለኝም። «በክብ የምጠርግ ሰው አይደለሁም፤ እነዚህ ክቦች የማን እጅ እንደሆኑ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ልል ነበር» አለኝ። «ወደቡ ሁሉ የኔን እጅ ያውቃል። እንግዶቹ ፊት አንዱ ሰው እንኳ አዎ ቢል ስሜ ይመለስልኝ ነበር።»

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«አሸዋው ላዩ ላይ ነበር። እሷ አይደለችም ብል ማን ያምነኛል? ሁለታችንንም ውሸታም ይሉን ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ ልጄ? ልታድኚኝ ነው የሮጥሽው። ከዚያ በፊት ለእኔ ብሎ የሮጠ ሰው አላየሁም።»

ያን ቀን አለቀስኩ። ለአባቴ አዝኜ ብቻ አይደለም፤ ተበዳይ ነኝ ስል የኖርኩት እኔ ስሙን ካሳጡት ከአርባው ሰው አንዷ ሆኜ ስለተገኘሁም ነው። ቂሜም ቤት ለቀቀ እንጂ አልሞተም። ከዚያ ወዲያ ለሁለት ሰው ነበር የምይዘው፤ ለፒዮና ለአሥር ዓመቷ ሱንዶክ።

ሰባት ዓመት አለፈ። አንድ የጸደይ ቀን ከሰዓት በኋላ አዲስ ጥቁር መኪና በራፌ ላይ ቆመ። የደረቀው ዓሣ ከነነጭ ክሩ ከኋላው ይወዛወዛል፤ ኮፈኑ ላይ የሩዝ ጠላ ደርቆበታል። የሚነዳው ጎረምሳ ወረደና የኋላውን በር ከፈተ። ከዘራ ወጣ፤ ቀጥሎ አረንጓዴ ድንጋይ ያለበት ቀለበት ወጣ፤ ቀጥሎ ፒዮ ወጣ።

እኛን አላወቀንም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«ጭረት የማታውቂው ሴት አንቺ ነሽ አሉኝ» አለ። «ትናንት ነው ያስመረቅነው። የልጅ ልጄ በደረቁ ሊጠርገው ሲል እጁን ያዝኩት። በመጀመሪያ በውሃ ነው፣ አይደለም?»

«በውሃ ነው» አልኩ። ቧንቧውን ከፍቼ የውሃውን ጎማ ይዣለሁ፤ ውሃው እግሬ ሥር ይፈሳል።

«አንድ ጊዜ አንድ ደደብ ሾፌር ነበረኝ» አለ ፒዮ ለልጅ ልጁ። «ጨው ያለበትን ኮፈን በደረቅ ፎጣ ጠረገብኝ። አትጥረግ እያልኩት እኮ ነው። ክብ ክብ አድርጎ አበላሸው። ምን ነበር የምንለው... ዶሮው።» ሳቀ። እየቀለደ አልነበረም፤ ያምነዋል። ውሸቱን ሠላሳ ዓመት ሊሞላ እስኪቃረብ ሲያወራው ትዝታው ሆኖለታል።

አባቴ ከበርጩማው ተነሳ። ሰዓቱን አወለቀና መስኮቱ ላይ አኖረ። ቀበቶውን አወለቀ። ከዚያ ቀለበቱን ሳበ፤ ጣቱ አብጦ ስለነበር ጊዜ ወሰደበት።

«ያዢልኝ ሱንዶክ» አለኝ።

አውራ ጣቴ ላይ አጠለቅሁት። ዱሮ ይላወስብኝ የነበረው ቀለበት እስከ ግማሽ ብቻ ገባ። ሊያጥብለት ነው አልኩ። አባቴ ግን ወደ ባልዲዎቹ አልሄደም። ወደ ጓዳ ገባና ኪምቺ ለምንለው ኮምጣጣ ጎመን ከተዘጋጀው ከረጢት እፍኝ ሙሉ የባሕር ጨው ይዞ ወጣ። ኮፈኑ ላይ በተነው። ያ የዝናብ ድምፅ ተመልሶ መጣ።

«ምን ያደርጋሉ አባት?» አለ ጎረምሳው።

«ክፉ ነገር እንዳይቀርበው ነው» አለ አባቴ፤ ደረቅ ፎጣም ከሽቦው ላይ አነሳ።

ውሃው በእጄ ነበር። አንድ ጊዜ ባዞረው ጨዉ ሁሉ ይወርዳል፤ ምንም ያልሆነ ሆኖ ያልፋል። የቤቱ ስም የኔ ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላ በተቃረበው ሥራዬ አንድ ሰው ተጫረብኝ ብሎ በዚያ በር አልወጣም። የአባቴን ጀርባ አየሁት። እንደዚያን ቀን ረዝሟል። ሁለት እርምጃ ሄጄ ቧንቧውን ዘጋሁት።

አባቴ በግራ በኩል ቆመና ፎጣውን ተጭኖ ጠረገ። ቀስ ብሎ፣ ተጠንቅቆ፣ ሦስት ትልልቅ ክብ። በሕይወቱ በክብ ሲጠርግ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሲጨርስ ፎጣውን አራገፈ፣ አጠፈ፣ ፀሐዩ እንዲያሳይ ገለል አለ።

ጎረምሳው ጮኸ፣ ስልኩን አወጣ፣ ፖሊስ እጠራለሁ አለ። ፒዮ ኮፈኑን እያየ ነበር። ከዚያ አባቴን አየ። ብዙ አየው።

«ሾፌር ቦንግ?» አለ።

«በክብ መጥረግ ከእርስዎ ነው የተማርኩት ጌታዬ» አለ አባቴ። «ና፣ እይና ተማር ብለውኝ ነበር።»

ፒዮ አፉን ከፈተ። ክቦቹን እንደገና አየ፤ ቀለበት ያለበትን እጁን በሌላው እጁ ሸፈነ። አፉ ተከፍቶ የሚዘጋ ሰው ማየት እንዴት እንደሚያስደስት እኔ ነኝ የማውቀው።

«አያቴ፣ ልደውል?» አለ ጎረምሳው።

«ተወው» አለ ፒዮ። «ተወው፣ እንሂድ።»

መኪናው ጠላውንም ጨዉንም እንደያዘ ሄደ። አንጀቴ ራሰ፤ ኃጢአት ከሆነ ይሁን። ቀለበቱ አውራ ጣቴ ላይ ተጣብቆ በሳሙና ነው የወጣው። ከበሩ በላይ «እዚህ የታጠበ መኪና አይጫርም» የሚል ጽሑፍ አለኝ። ያን ማታ ልዘጋ ስል መሰላል አምጥቼ «ከአንዱ በቀር» ብዬ ልጨምርበት እንደሆነ አባቴን ጠየቅሁት።

ቀለበቱን ወደ ጣቱ እየመለሰ ራሱን ነቀነቀ።

«ተይው» አለኝ። «እሱንም የጫረው ፒዮ ነው። እኔ እጄን ብቻ ነው ያዋስኩት።»